ድምፅ የሌላት ማውስ

በአቶ ገብረኪዳን የቡና አቅራቢ ድርጅት ቢሮ ውስጥ የጠረጴዛዎቹን አቀማመጥ የወሰነው ሰው በፍቅር ላይ ቂም የነበረው ይመስላል። ቢሮው ዲላ ከተማ፣ ዋናውን አስፋልት ቁልቁል በሚያይ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ጠረጴዛዎቹ ትልልቅ። ስለዚህ ተሻለ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ተቀመጠ፤ የባለቤቱ ልጅ ኤልቤቴል ደግሞ ከኋላው። እሷ ቀኑን ሙሉ ማጅራቱንና የኮምፒዩተሩን ስክሪን ታያለች። እሱ ግድግዳና ቁጥር ያያል። በሩ አጠገብ ሁለቱንም የሚያዩት ሒሳብ ሹሙ አቶ ሽብሩ ነበሩ።

ተሻለ የወናጎ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ጅግሶ ቀይ ቡናቸውን ለቅመው የሚያስረክቡት ለኤልቤቴል አባት የቡና ማጠቢያ ነው፤ ልጃቸው ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ እዚያው ቤት ደመወዝተኛ ሲሆን መንደሩ ሁሉ እልል ብሎላቸዋል። የአለቃውን ልጅ ዞር ብሎ ማየት ታዲያ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ተሻለ ኤልቤቴልን በጆሮው ተማራት። ወንበሯን ስትስብ፣ ስትስቅ፣ ስትሰለች የምትለቃትን ረጅም ትንፋሽ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማውሷን ድምፅ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ስትናደድ ታበዛዋለች።

ቡና ለቀማው ሲደርስ ከወናጎ፣ ከፍስሐ ገነት፣ ከገደብ የሚመጣው ደረሰኝ በማዳበሪያ ከረጢት ይጫን ጀመር። ያቺ ባለገመድ አሮጌ ማውስ ካልደቆሷት የምትሰማ አልነበረችም። አንድ ጠዋት ኤልቤቴል ቀኝ አንጓዋን በፋሻ ጠቅልላ መጣች።

«እኔ ልጄን ቢሮ አስገባሁ እንጂ ሙቀጫ አስያዝኳት እንዴ?» አሉ አቶ ገብረኪዳን። «ተሻለ፣ አንተ ኮምፒዩተር ታውቃለህ። አብረሃት ሂድና የሚመቻት ምረጥላት።»

እሱም ሄደ። እግሩ መሬት የነካ አልመሰለውም።

የፈይዛ ሱቅ ገበያው መዳረሻ ላይ ነው። ፈይዛ ቻርጀር ለሚጠይቃት ቻርጀር ብቻ ሸጣ የምትሸኝ ሴት አይደለችም፤ ትጠይቃለች፣ ትመክራለች፣ ትቆጣለች። የኤልቤቴልን ፋሻ እንዳየች ያለ ገመድ የሚሠሩትን ማውሶች ደረደረችና የመስታወት ባንኮኒዋ ላይ ካርቶን ዘረጋች።

«መስታወት ላይ አትሄድም፣ እዚህ ላይ ሞክሪ። አይታችሁ አማረችን ብላችሁ እንዳትወስዱ፤ እንደ ጫማ ነው፣ በልክ ነው» አለቻቸው።

የመጀመሪያዋ ጀርባዋ ከፍ ያለ ነበር፤ የኤልቤቴል ጣቶች ተንጠራርተው ቀሩ። ሁለተኛዋ ዝርግ ስለሆነች አንጓዋ ወደ ላይ ተቀለበሰ። ሦስተኛዋ ለላፕቶፕ የተሠራች ሚጢጢ ነገር ናት፤ ጣቶቿ ተኮማተሩባት። ተሻለ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር።

«አጥብቀሽ አትያዢ» አላት። «እጅሽን ዝም ብለሽ ጣይባት። መዳፍሽ ሁሉ ይረፍ። አሁን ጣትሽን ሳታነሺ ተጫኚ።»

ያን ዕለት እጇን እስኪጠግብ አየ፤ የታዘዘው ሥራ ነበርና ማንም አይቆጣውም። ጠይም፣ ቀጭን እጅ ናት፤ አውራ ጣቷ ሥር ትንሽ ጠባሳ አለች። ይቺን ጠባሳ እስከዛሬ አላየኋትም ብሎ አዘነ።

በመጨረሻ ፈይዛ ከመደርደሪያው ጀርባ አንዲት ጥቁር አወጣች። ክብ ያለች፣ ጎንና ጎኗ ጎማ የለበሰ፣ መዳፍ የምትሞላ። ኤልቤቴል እጇን ጣለችባት። ቀና ስትል ዐይኖቿ በቀጥታ ተሻለ ዐይኖች ላይ አረፉ።

«አላመመኝም» አለች ቀስ ብላ።

«ድምፅም የላትም» አለች ፈይዛ። «ብትጫኚ ጎረቤትሽ አይሰማም።»

«ለእሱም አንድ ስጪው» አለች ኤልቤቴል። «የእኔው ዓይነት።»

በመንገድ ላይ ነው ነገሩ ለተሻለ የገባው። ከእንግዲህ ያቺን ቀጭ ቀጭ አይሰማትም። የሚመቻትን ሲመርጥላት ከጀርባው የነበረችውን ኤልቤቴልን በገዛ እጁ ዝም አሰኛት። 

በማግስቱ ማውሶቹን የሰካው ራሱ ነው። እነዚህ ማውሶች እያንዳንዳቸው ኮምፒዩተሩ ላይ የምትሰካ ጥፍር የምታህል ሪሲቨር አላቸው፤ ማውሷ የራሷን ሪሲቨር እንጂ የሌላ አታውቅም። ተሻለ በደስታ ይሁን በሐሳብ አቀያይሮ ሰካቸው። ሥራ ሊጀምር ሲል ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት እሱ ሳይነካት ሽው ብላ ወደ ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ዞረች።

«በስመ አብ!» ብለው አቶ ሽብሩ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይሄ ነገር ጠበል ያስፈልገዋል!»

ከኋላው የኤልቤቴል ሳቅ ፈነዳ። ተሻለም ከት ብሎ ሳቀ። የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። እጇ እሷ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀስቷ እሱ ዐይን ሥር።

ሪሲቨሮቹን በየቦታቸው መለሱ፤ ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። አቶ ሽብሩ ባንክ ሲሄዱ ወይም ጋዜጣ ውስጥ ሲሰምጡ ኤልቤቴል ሪሲቨሯን ነቅላ በደረሰኝ ክምር መሐል ሸጉጣ ታቀብለዋለች። እሱ ከራሱ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካታል። ቀስቷ ትመጣለች። የሠራውን ስሕተት ትነካካለች፤ በገበሬዎቹ ስም መሐል እየዘለለች ፊደል ትለቅምና ቃል ትሠራለታለች፤ «ራበኝ» ትለዋለች፤ «ጸጉርህን ተቆረጥ» ትለዋለች። ማታ ከመውጣቷ በፊት ደግሞ ስክሪኑ መሐል አንዲት ክብ ታዞራለች። ደህና እደር ማለቷ ነው። እሱ ወደ ግድግዳው እያየ ፈገግ ይላል፤ እሷ ማጅራቱ ሲቀላ አይታ መልሱን ታውቃለች። እንዲህ አድርገው ተዋደዱ።

ከጥምቀት በኋላ ወሬው መጣ። የአቶ ገብረኪዳን የአዲስ አበባ ሸሪክ ለልጁ ኤልቤቴልን አስቧል። ወሬውን ያመጡት አቶ ሽብሩ ናቸው፤ እየተደሰቱ ነገሩት፣ ወደ ባንክም ሄዱ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ተሻለ ዞር ለማለት አስቦ አንገቱ አልታዘዘውም። ፊቷ ላይ እምቢታ ቢያይስ? ማዘኗን ቢያይስ? ወደ ግድግዳው ተናገረ።

«ኤልቤቴል፣ እሑድ ጠዋት አባቴን ሽማግሌ አድርጌ ብልክ... አባትሽ ደጅ ላይ እንደማይዋረድ ካወቅሁ እልካለሁ። አንቺ ግን መጀመሪያ...»

የአቶ ሽብሩ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ፤ የረሱት ወረቀት ነበር። ተሻለ ቸኮለ።

«ነገ ሪሲቨሯን ከደረሰኙ ጋር ከላክሽልኝ እሺ ማለትሽ ነው። ካልላክሽ ገባኝ። ሁለተኛ አልጠይቅሽም።»

በሩ ተከፈተ። ከኋላው አንዲት ትንፋሽ ሰማ፤ የደስታም የሐዘንም ልትሆን ትችላለች። ሌሊቱን ሙሉ ያቺን ትንፋሽ ሲተረጉም አደረ።

ያን ምሽት ወናጎ ወርዶ ለአባቱ ነግሯቸው ነበር። አቶ ጅግሶ ዐይናቸውን ወደ እንሰቱ ጓሮ መለሱ።

«እኔ ቡና ሽጬ ነው የማውቃቸው» አሉ። «እዛ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። እሷ ልጅ እሺ ካለ እንሄዳለን። እምቢ ካለ ግን፣ ልጄ፣ እኔን ደጅ አታቁመኝ።»

«እሺ ካለች ብቻ ነው፣ አባ።»

በማግስቱ ተሻለ ከረፋዱ ጀምሮ አንድ መስመር አልጻፈም። ኤልቤቴል ደረሰኞቹን ስትሰበስብ ሰማ። ወንበሯ ተሳበ፤ ተነሣች።

«ስጪኝ፣ ስጪኝ፣ እኔ አቀብለዋለሁ» አሉ አቶ ሽብሩ። «ምን ያንከራትትሻል፣ እጅሽም ታማሚ ነው።»

አቶ ሽብሩ ደግ ሰው ናቸው። አንድ አመል ብቻ አለባቸው፤ የወረቀት ጫፍና ጫፍ ካልገጠመ ምሳ አይበላላቸውም። ክምሩን ተቀብለው ጠረጴዛቸው ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረጉት። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አዞሩት፣ ደግመው መቱት። ከዚያ ተሻለ ፊት አስቀመጡለት።

ተሻለ አንድ በአንድ ገለጠ። ከላይ፣ ከታች፣ በየመሐሉ። ክሊፑን ፈታ። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። ምንም የለም። ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ።

ገባኝ ማለት ያኔ ቀላል ቃል መስሎት ነበር። አሁን ከበደው፤ ክሊፑን መልሶ ደረሰኞቹ ላይ አደረገ።

ማታ በሚኒባስ ወናጎ ሲደርስ አባቱ ኮት ተውሰው ጠበቁት። ከጎረቤት ሁለት ሽማግሌዎች ተመርጠዋል። አንደኛው ጫማቸውን አስጠርገው በሩ አጠገብ አቁመውታል።

«ቀርቷል» አለ ተሻለ።

አቶ ጅግሶ ኮቱን አውልቀው፣ አጣጥፈው፣ ለባለቤቱ እንዲመለስ ለልጃቸው ሰጡት። ተሻለ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ዐይኑ የሸሸውን ነገር አየ። የኤልቤቴል ጠረጴዛ ላይ ያቺ አሮጌ ባለገመድ ማውስ ተመልሳለች። አንጓዋ እንደገና በፋሻ ተጠቅልሏል። እሱ የመረጠላት ጥቁሯ የለችም። እኔን መጣሏ ሳያንሳት የመረጥኩላትን እንኳ ጣለቻት አለ በልቡ፤ ሕመሙን ከእኔ መረጠች አለ። ቀጭ ቀጩ ከኋላው እንደገና ጀመረ። ድሮ የሚናፍቀው ድምፅ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ቀጭታ የሚወጋው እሱን ነው። እሷም ቀና ብላ አላየችውም። «ደህና አደርክ» ትላለች፣ «ደህና አደርሽ» ይላል፤ በዚያው ያበቃል።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባዎቹ መጡ፣ ቀለበት ታሰረ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተባለ። አቶ ሽብሩ ለቢሮው ከረሜላ አደሉ። ተሻለ የደረሰውን ኪሱ ከተተው፤ እስኪቀልጥ ድረስ እዚያው ቀረ።

ለፋሲካ ቢሮው ይታጠብ ተባለ። ጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ አሰገደች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የናሙና ቡና የሚቀመጥበትን ከባድ ቁም ሣጥን ተሻለን አጋዥ አድርገው ገፉት። ቁም ሣጥኑ የቆመው ከአቶ ሽብሩ ጠረጴዛ ጎን ነው። ከሥሩ አቧራ፣ የቡና ፍሬ፣ የእስክሪብቶ ክዳን ወጣ።

«ይቺስ ምንድናት? የሬዲዮ ናት?» አሉ አሰገደች፣ በጣታቸው ጫፍ አንስተው። «ያዝ እስቲ፣ አንተ ታውቅ እንደሆን።»

መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። ጥፍር የምታህል፣ ጥቁር። ተሻለ ወዲያው አወቃት። አሰገደች ባልዲያቸውን ይዘው ውኃ ሊቀዱ ወጡ።

በሩ ላይ ኤልቤቴል ቆማለች። ዕቃዋን ልትወስድ መምጣቷ ነው፤ አባቷ ታች መኪና ውስጥ ይጠብቋታል። ያየችው መዳፉን ነው።

«አሁን ልትመልስልኝ ነው?» አለች። ድምፅዋ የቀዘቀዘ ነበር። «ይህን ሁሉ ጊዜ ኪስህ ይዘሃት ከርመህ፣ ዛሬ?»

«ምን አልሽ?»

«ልኬልህ የለም እንዴ? እሺ ማለትሽ ነው አላልከኝም? ወረቀቱን ስትገልጥ ከኋላህ ቆሜ አይቼሃለሁ። እንድትዞር ጠበቅሁ፤ አልዞርክም። ሰው አለ ብለህ የተውከው መሰለኝ።»

«ኤልቤቴል፣ እኔ ጋ አልደረሰችም። አሁን ነው ያገኘኋት። እዚህ ቁም ሣጥን ሥር።»

«ሐሰት ነው።»

«የአባቴን ነፍስ! አልላክሽልኝም ብዬ ነው... እነ አባቴን ከመንገድ ያስቀረሁት።»

በዚያች ቅጽበት ከጎን ካለው ከአለቃው ክፍል፣ በተከፈተው በር በኩል፣ አቶ ሽብሩ የሚያስተካክሉት ወረቀት ተሰማ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሁለቱም ወደ ድምፁ ዞሩ። ኤልቤቴል መጀመሪያ የአቶ ሽብሩን ጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከዚያ ወለሉን፣ ከዚያ ቁም ሣጥኑ የነበረበትን ቦታ በዐይኗ ተከተለች። ሪሲቨሯ እንዴት እንደወደቀች ገባት። ወንበሯን ይዛ ተቀመጠች።

«ለአባቴ ነግሬው ነበር» አለች።

«ስለ እኔ?»

«የዚያን ዕለት ማታ። ሪሲቨሯን የላክሁልህ ዕለት። እግሩ ላይ ወድቄ ነገርኩት። መጀመሪያ ጮኸ፤ እናቴም አለቀሰች። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ማታ ላይ፣ ጅግሶ ነው አይደል አባቱ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ በቡናው ውስጥ ድንጋይ ጨምሮብኝ አያውቅም አለ። ይምጡ አለ፣ ተሻለ። አባቴ ይምጡ አለ።»

ተሻለ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እሑድ ከቤተክርስቲያን ተመልሶ ጋቢውን ሳያወልቅ ሳሎን ተቀመጠ። በሩን አስከፍቶ። ውሻው በጮኸ ቁጥር ቀና ይላል። እኔ በመስኮት አስፋልቱን አያለሁ። ከወናጎ የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ እናንተን የያዘ ይመስለኛል። ምሳ ቀዘቀዘ። እናቴ ልታነሣው ስትል ተይው፣ መንገድ ይዟቸው ይሆናል አላት። እሱ ነው ያላት! ማታ ላይ ተነሥቶ በሩን ራሱ ዘጋው። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እና እሺ አልሻቸው። አዲስ አበባዎቹን።»

«ምን ልበል? አንድ ጊዜ ስለ አንተ ብዬ አዋርጄዋለሁ። ከእንግዲህ አንተ ያልከው ይሁን አልኩት። ማውሷን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት፤ ያለ ሪሲቨሯ አትሠራም። አንተ ደግሞ መልስልኝ የምልህ መስሎህ ነው የምትጠብቀው ብዬ...» እንባዋ ቀደማት።

«ዛሬ ልሂድ። አሁን። አባትሽ ታች ናቸው፣ እግራቸው ላይ ልውደቅ። ጥፋቱ የእኔ ነው ልበላቸው። ኤልቤቴል፣ ገና ሠርግ አልሆነም።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። ፊት ለፊት ሲተያዩ ከፈይዛ ሱቅ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ቃል ሰጥቻለሁ» አለች። «በሐዘን ነው የሰጠሁት፣ በንዴት ነው የሰጠሁት፤ ግን በአፌ ነው የሰጠሁት። አባቴን ሁለተኛ በር ከፍቶ እንዲያፍር አላስቀምጠውም።»

«በዚህች ነገር ምክንያት?» መዳፉን ዘረጋ።

«በእሷ አይደለም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ከኋላህ ተቀምጬ ማጅራትህን ሳነብ ኖሬያለሁ። ሲቀላ አውቃለሁ፣ ሲከፋህ አውቃለሁ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ እኔና አንተ ብቻ ነበርን። የሕይወቴን ነገር ለግድግዳ ጠየቅኸው። ምነው አንዴ ዞር ብትል? ፊቴን ብታየው ኖሮ ወረቀትም ሪሲቨርም አያስፈልግህም ነበር።»

 ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አጭር፣ ትዕግሥተኛ ጥሩምባ።

ኤልቤቴል ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። መሳቢያዋን ከፍታ ጥቁሯን ማውስ አወጣች። ፋሻ ያለበት እጇ ላይ አሳርፋ ለአፍታ ያዘቻት።

«እስከዛሬ እንደ እሷ የተመቸኝ የለም» አለች።

«ሪሲቨሯንም ውሰጂያት። ያለ እሷ የትም አትሠራልሽም።»

«አውቃለሁ። አንተ ጋ ትሁን።»

ወጣች። ተሻለ አልተከተላትም። ሳያስበው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ፣ ሪሲቨሯን ሰካት።

ስክሪኑ ላይ ቀስቷ ዝም ብላ ቆማለች። ከዚያ ተንቀጠቀጠች። ማውሷ በርታለች፤ እጇ ውስጥ ሆና ደረጃውን እየወረደች ነው። ቀስቷ ዘለለች፣ ጠፋች፣ በሌላ ጥግ ብቅ አለች። ከዚያ ረጋች። ኤልቤቴል ደረጃው ላይ ቆማለች ማለት ነው። ማውሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች ማለት ነው። ቀስቷ ከስክሪኑ መሐል ተነሥታ ቀስ ብላ መዞር ጀመረች፤ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች።

ጥሩምባው ተደገመ። ክቧ ሳትገጥም ቀስቷ ቆመች።

ተሻለ ጠበቀ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማ፤ ሞተሩ አስፋልቱን ይዞ ሲርቅ ሰማ። ቀስቷ አልተነሣችም። የራሱ ማውስ እጁ አጠገብ ናት፤ ቢነካት ቀስቷ ካለችበት ትንቀሳቀሳለች። እጁን ሰብስቦ ብብቱ ውስጥ ከተተው።

አቶ ሽብሩ ያስተካከሉትን ወረቀት ታቅፈው ገቡ። «ሄደች እንዴ? ሳልሰናበታት! መቼም ጥሩ ልጅ ናት፣ ይቅናት።» ተሻለ ያን ከሰዓት ወረቀት ቢያመጡለትም፣ ቢጠሩትም፣ ማውሱን አልነካም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን የሚያቆየው፣ ጠረጴዛው ሥር ያለው ባትሪ ይጮኽ ጀመር።

«ዝጋው እንጂ ተሻለ፣ ይበላሽብሃል!» አሉ አቶ ሽብሩ።

አልዘጋውም። ባትሪው እስኪያልቅ ቀስቷን ሲያይ ቆየ። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠቆረ፤ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ከጀርባው ያለው ጠረጴዛ ቁልጭ ብሎ ታየው። ባዶው ወንበር፣ ያቺ ባለገመድ ማውስ፣ መስኮቱ። ይህን ሁሉ ጊዜ ዞር ሳይል እንኳ ሊያያት ይችል ነበር።

ያኔ ዞረ። ዞሮ ወንበሩን አየው፤ አለቀሰም።